ቀለም ያልቀመሰ ብዕር

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ የመጻሕፍት ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ድምፄን ቀርጸውልኝ ስለነበር ብዙ ሳልነካካ ገልብጬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ እንድናገር የጋበዘኝ ልጅ በስልክ ያለኝ «ጋሼ፣ ስብስብዎን ይዘው ይምጡና ያሳዩን» ነበር። ይኸው ይዤ መጥቻለሁ። ከኋላ ያላችሁም እንድታዩ ሣጥኗን ትንሽ ላዘንብላት። 43 የቀለም ብዕሮች፣ እያንዳንዳቸው በየጉድጓዳቸው ተኝተዋል። ትናንት ማታ አቧራቸውን ስወለውል ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንደ እኩዮቿ የምትጽፈው በአውራ ጣቷ ነው።

«አባዬ፣ በስንቶቹ ትጽፋለህ?»

«በሦስቱ።»

«ታዲያ አርባዎቹ ምን ይሠራሉ?»

«እነሱ ስብስብ ናቸው» አልኋት። መልስ እንዳልሰጠኋት ገባት፤ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ያልመለስሁላትን ጥያቄ ዛሬ በናንተ ፊት ልሞክረው ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፤ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የብዕሮቹ ታሪክ የተጻፈው በዚያው ነውና።

በሰብሳቢዎች ዘንድ የመጨረሻው ማዕረግ «ያልተነካ» የሚባለው ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተለጠፈበት የዋጋ ወረቀት ያልተላጠ፣ ካርቶኑና መመሪያው ያልጠፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድም ቀን ቀለም ያልገባበት። አንዴ ከገባበት አሥር ጊዜ ቢታጠብም አለቀለት፤ የነቃ ገዢ በማጉያ መነጽር ጫፉን ያይና ዋጋውን ይቆርጥበታል። እኛ ግን በአማርኛ ስለ ሰው ስናወራ ሚዛኑን ገልብጠን ይዘነዋል። የተማረውን «ቀለም የቀመሰ» እንለዋለን። ጎበዝ ተማሪ «ቀለም ይገባዋል»፤ ሊቁ ደግሞ «የቀለም ቀንድ» ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን፣ ሰብሳቢው ከሁሉ አብልጦ የሚከፍልበት ብዕር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሞ ያልገባ መሃይም ነው።

ቀንዱም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቁም ጸሐፊዎቻችን ቀለማቸውን የሚያኖሩት በቀንድ ነው፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ፣ ከፊታቸው መሬት ላይ ተተክሎ። የሚጽፉበት መቃ ነው። ብዕር የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ አገዳ፣ ሸንበቆ ማለት ነው። ቀለም የምንለው ደግሞ በዐረብኛ መጻፊያውን ይጠራል፤ ከመካከላችሁ ዱባይ ወይም ሪያድ የሠራ ካለ «ቀለም አለህ?» ያለው ሰው የሚፈልገው እስክሪብቶ መሆኑን ያውቃል። ቁም ጸሐፊው መቃውን በካራ ይቀርጸዋል፣ ጫፉን ይሰነጥቀዋል፣ ይጽፍበታል። ሲደነዝዝ እንደገና ይቀርጸዋል። እንዲህ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ መያዣ ሲያሳጣው ይጥለዋል። ስንት መቶ ዓመት የቆየ ብራና ዛሬም በየገዳሙ አለን። ያን ብራና የጻፈውን መቃ ግን አስቀመጥኩ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

እኔ መቃ ጣይ ሆኜ ነው የተወለድኩት፤ ሰብሳቢ ያደረገኝ አንድ ክዳን ነው።

አባቴ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። የሚጽፍበት ብዕር ፓርከር 51 ነው፤ ሰውነቱ የወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ክዳኑ ብረት። ከደረት ኪሱ አይለይም ነበር። ልጅ ሆነን ያንን ብዕር መንካት አባቴን ራሱን ከመንካት ይከብደናል። ሲሞት መሳቢያው ውስጥ አገኘሁት። ክዳኑ ውስጥ ያለው መቆንጠጫ ላልቶ ስለነበር ክዳኑ አይይዝም፣ ዝቅ ሲያደርጉት ወልቆ ይወድቃል። «ክዳን ብቻ ላግኝለት» ብዬ መፈለግ ጀመርሁ። ክዳን ብቻ የሚሸጥ ስላጣሁ ክዳኑ ደህና የሆነ ሌላ 51 ሙሉውን ገዛሁ። ሲመጣ እሱም ጥሩ ይጽፋል! የሚጽፈውን ብዕር ክዳኑን ነጥቄ ራቁቱን ላስቀረው? አልቻልሁም። ስለዚህ ሁለት ሆኑ። ከዚያ ተማሪ ሳለሁ የጻፍሁበት የቻይናው ሂሮ ትዝ አለኝ፤ እሱን ሳገኝ ደግሞ ቁርጥ የ51 ወንድም መሰለኝ፣ ሻንጋይ ያሉት ሰዎች ፓርከርን አይተው እንደሠሩት ያስታውቃል። ከዚያ የጀርመኑ ፔሊካን፣ ከዚያ ሸፈር፣ ከዚያ ፓይለት። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው እህቴ በመጣች ቁጥር ሻንጣዋ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ብዕር ይገኝ ነበር። ክዳኑ ሳይገኝ አሥራ ሰባት ብዕር ሆንን።

ክዳኑን በመጨረሻ ያገኘሁት ከማን ይመስላችኋል? ከሰብሳቢ። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ሰው ነው፤ መሳቢያ ሙሉ የተሰባበረ 51 አጠራቅሟል። የፖስታውን ብቻ አስከፍሎ ላከልኝ። ይህን አሁን የምነግራችሁ በኋላ በሰብሳቢዎች ላይ ክፉ ክፉ ስናገር ልኩን እንድታውቁት ነው።

ስለ 51 ትንሽ ላቆያችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ውስጥ አለና። ፓርከር ኩባንያ የተቋቋመው በ1888 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን፣ ጃንስቪል በምትባል ከተማ ነው። አዲሱ ብዕር ተሠርቶ ሲያልቅ 1939 ነበርና ኩባንያው 51 ዓመቱ፤ ስሙ ከዚያ መጣ። በሰፊው ገበያ ላይ የዋለው በ1941፣ በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ለዚያ ጊዜ ውድ ዕቃ ነው። ውድነቱ ግን ለጌጥ አልነበረም። መሐንዲሶቹ የያዙት ችግር የጸሐፊ ችግር ነው፤ ወረቀት ላይ ወዲያው የሚደርቅ ቀለም ይሥሩ ቢባል፣ ቀለሙ ብዕሩ ጫፍ ላይም ወዲያው ይደርቃል። ስለዚህ የወርቁን ጫፍ በሽፋን ውስጥ ደበቁት፤ ተጠግታችሁ ብታዩት የምትወጣው የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ብቻ ናት። ያ ቀለም ኃይለኛ ስለነበር ተራውን ፕላስቲክ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሰውነቱን በዚያ ዘመን ለአውሮፕላን መስኮት ከሚሠራበት ጠንካራ አክሪሊክ ሠሩት። የአባቴ ብዕር እስካሁን ሳይሰነጠቅ የቆየው ለዚህ ነው።

ከሽፋኑ ሥር ደግሞ እንደ ዓሣ ስንጥብ ስስ ሆነው የተደረደሩ ክንፎች ያሉት አንድ ክፍል አለ። ፋብሪካው ያወጣለት ስም «ሰብሳቢ» ነው። አዎ፣ ከኔ ጋር ሞክሼ ነን። ሥራው ከማጠራቀሚያው የተረፈ ቀለም ወረቀት ላይ እንዳይንጠባጠብ በክንፎቹ መሃል ይዞ ማቆየት ነው፤ ጸሐፊው መጻፍ ሲቀጥል የያዘውን መልሶ ይሰጣል። ይህን ያወቅሁ ቀን ሣጥኔን አይቼ ትንሽ አፈርሁ።

ስለ አሠራሩ ለማታውቁት፣ የቀለም ብዕር ግፊት አይፈልግም። የኩራዝ ፈትል ጋዙን ራሱ ወደ ላይ እንደሚስበው፣ ጠባቡ ስንጥቅ ቀለሙን ወደ ጫፉ ይስበዋል፤ በወጣው ቀለም ፋንታ አየር ይገባል፣ አለቀ። ቢክ ግን ውስጡ ያለው ቅባትነት ያለው ወፍራም ቀለም ስለሆነና ኳሷም መሽከርከር ስላለባት መጫን አለባችሁ። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ብዕር ሲዋስ ልቤ እንዴት እንደምትሆን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በሜይ 1945 ፈረንሳይ ሬምስ ላይ የጀርመን እጅ መስጠት ሲፈረም የተፈረመው በፓርከር 51 ነው። ጄኔራል አይዘንሃወር ሁለቱን ብዕሮች እንደ ድል ምልክት አቆላልፎ የያዘበት ፎቶግራፍ አለ። ለብዕር ከዚህ የበለጠ ቀን አይመጣም ትሉ ይሆናል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29 ግን ኒውዮርክ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ አዲስ ነገር ለሽያጭ ቀረበ፤ ባለ ኳስ እስክሪብቶ። ዋጋው 12 ዶላር ከ50። የ51 ዋጋ፣ ሳንቲም ሳይጎድል! ሰው ተጋፍቶ ገዛው። በ1950 ደግሞ ፈረንሳዊው ማርሴል ቢክ ያቺን ብርጭቆ የመሰለች ባለ ስድስት ጎን እስክሪብቶ በርካሽ አወጣት፤ እኛ አገር ስሙ የዕቃው መጠሪያ እስኪሆን ድረስ «ቢክ አውሰኝ» ስንል አደግን። የቀለም ብዕር ከዚያ በኋላ ሥራውን እያጣ ሄደ።

ሥራ ሲያጣ ነው እንግዲህ ጌጥ የሆነው። የሐምቡርጉ ሞንብላንክ በ1992 በጥንቱ የፍሎረንስ ገዢ በሎሬንዞ ደ ሜዲቺ ስም 4,810 ብዕሮች ብቻ ሠርቶ አወጣ። ቁጥሩ የሞንብላንክ ተራራ ከፍታ በሜትር ነው፤ የኩባንያው ታላላቅ ብዕሮች ጫፍ ላይም ተቀርጾ ይገኛል። እንዲህ ያለ ብዕር ስንቱ ቀለም እንደቀመሰ እናንተው ገምቱ። በኔ ግምት ያ ብዕር ያለው ክብር የዶሮ ወጥ ፎቶግራፍ ያለው ክብር ነው። ይህን ስል ገንዘቡን ባገኝ አልገዛውም ማለቴ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ሣጥኗ። ብዙ ሰው «ብዕር በመጻፍ ያልቃል፣ በማስቀመጥ ይቆያል» ብሎ ያስባል። እኔም እንዲያ አስብ ነበር። ባለፈው ክረምት 43ቱንም አንድ በአንድ ፈትቼ ለማየት ቁጭ አልሁ። ዝናቡ ይዘንባል፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቻለሁ፣ አጠገቤ ሳህን ውኃ አለ። የመጀመሪያዋ ሸፈር ናት፤ ጎኗ ላይ ትንሽ የብረት ማንሻ አላት። ማንሻው ሲነሣ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ከረጢት ይጫነዋል፣ ሲመለስ ቀለም ይስባል። ቀስ ብዬ አነሣሁት። እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ፈትቼ ስገለብጣት ጥቁር ፍርፋሪ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። ላስቲኩ ዓመት ቆጥሮ በራሱ ጊዜ ደርቆ ተሰባብሯል፤ ብትጽፍበትም ባትጽፍበትም ይሞታል፣ ልዩነቱ የሚጽፍበት ሰው ላስቲኩ ሲሞት ያውቃል፣ ይቀይረዋል። እኔ የሞተች ብዕር ለስንት ዓመት ስወለውል እንደኖርሁ አላውቅም።

ሁለተኛው ሴሉሎይድ ነበር፤ ያ እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ የድሮ ፕላስቲክ። ሣጥኗን ከምር ከድኜ፣ አቧራ እንዳይገባባት ጠርዟን በጨርቅ ለብጬ አስቀምጣት ነበር። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ጋዝ ያወጣል። አየር ካገኘ ጋዙ ይሄዳል፤ ታፍኖ ከቆየ ግን ያው የወጣው ጋዝ ተመልሶ ራሱን ሴሉሎይዱን ይበላዋል። ክዳኗን ስከፍት አፍንጫ የሚቆረቁር ሽታ ነበረ፤ የብዕሩ አንገት ጠቁሮ እንደ በሶብላ ግንድ ተሰነጣጥቋል፣ አጠገቡ ያለው የሌላው ብዕር ቀለበት አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የገደለው ጥንቃቄዬ ነው። ሌሎቹ በጣም ተራ በሆነ ምክንያት የሞቱ ናቸው፤ አንድ ቀን ሞክሬያቸው፣ ሳላጥባቸው አስቀምጬአቸው፣ ቀለሙ ውስጣቸው ደርቆ ደንጊያ ሆኗል።

ቆጠርሁ። ከ43ቱ 11ዱ አይጽፉም። በየቀኑ ከምጽፍባቸው ከሦስቱ ግን አንድም የታመመ የለም። ከ1948 በኋላ የተሠሩት 51ዎች ማጠራቀሚያቸው ላስቲክ ሳይሆን ልዩ ፕላስቲክ ስለሆነ እስካሁን እንደለሰለሰ አለ፤ ሽፋኑ ላይ «መጫኛውን አጥብቀህ 6 ጊዜ ተጫን» የሚል መመሪያ ተቀርጾበታል። እኔ አሁንም እየቆጠርሁ ስድስቴ እጫናለሁ።

ለፍትሕ ያህል የመጻፉንም ጣጣ ልናገር፤ በየቀኑ በቀለም ብዕር መጻፍ ቀላል ነው የሚላችሁን አትመኑት። አንደኛ ወረቀቱ። የሰፈር ሱቅ ደብተር ቀለም ይጠጣል፤ ፊደሉ ዳር ዳሩን እግር ያወጣል፣ ወደ ጀርባው ይዘልቃል፣ የገጹ ግማሽ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ሁለተኛ ውኃ። ብዙው የብዕር ቀለም በውኃ የሚሟሟ ማቅለሚያ ስለሆነ አንድ ጠብታ ሻይ የወር ሒሳብ ይዛ ትሄዳለች። አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ ይህን ለማምለጥ ብዬ አንድ ብልሃት ፈጠርሁ፤ ንድፍ ሠሪዎች የሚሠሩበትን ድፍን ጥቁር ቀለም ሂሮዬ ውስጥ ሞላሁ። ሁለት ቀን እንደ ብራና ጽሕፈት ደማቅ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። አባቴ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈው፣ ጠዋት አወጣው፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። «ይሄ እኮ ጥላሸት ነው፤ የመቃ ቀለም ነው» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የብራናው ጥቁር ቀለም በአብዛኛው የሚሠራው ከጥላሸት ስለሆነ ዘመን አይሽረውም፤ ያው የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት ግን ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል።

ሦስተኛው ጣጣ የራሳችን ፊደል ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ መዝገቡን የምጽፈው በቀለም ብዕር ነው። አንድ ዓመት ጫፉ ወፍራም በሆነ የጀርመን ብዕር ጻፍሁ። ማለፊያ ይመስል ነበር፤ የቋሚው መስመር ይወፍራል፣ አግዳሚው ይሳሳል፣ እንደ መቃ ጽሕፈት። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሒሳብ መርማሪው መነጽሩን አውልቆ «ይሄ ‹ቢት ኪራይ› ምንድነው?» አለኝ። የሳልሱ ቢ እግሩ ላይ ሰረዝ አለው፣ የኃምሱ ቤ እግሩ ላይ ቀለበት። ወፍራሙ ብዕር ቀለበቱን ደፍኖ ቤቱን ሁሉ ቢት አድርጎታል። ሜ ሚ ሆኗል፣ ሴ ሲ ሆኗል። መዝገቡ በሙሉ የሌላ አገር ቋንቋ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ለመዝገብ የምይዘው የጃፓን ብዕር ነው። ጃፓኖች ጥቅጥቅ ያለ ፊደል ስለሚጽፉ ጫፎቻቸው ከአውሮፓውያኑ ይቀጥናሉ፤ የነሱ «ቀጭን» ለቀለበታችን ይመቻል።

ስለ ከፍታም አንድ ቃል ልጨምር፣ ከውጭ ለምትመላለሱት ይጠቅማል። እህቴ ስትመጣ በደረት ኪሷ የያዘችው ብዕር ሸሚዟን አበላሽቶባት ነበር። ዋሽንግተን ከባሕር ጠለል ብዙም አይርቅም። አውሮፕላኑ ሲነሣ የውስጡ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ይሳሳል፤ ብዕሩ ውስጥ በባዶው ቦታ ያለው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቦሌ ግን ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስትነሡ ብዕራችሁ ከፍ ማለቱን እንኳ ላያውቀው ይችላል። ወደዚህ ስትመጡ ወይ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ወይ ባዶ አድርጉት፣ ጫፉንም ወደ ላይ። ግማሽ ብዕር ነው ሸሚዝ የሚያበላሸው።

ክዳኑ ከእንግሊዝ የመጣ ቀን ያልሆነውን አሁን ልንገራችሁ። የአባቴን ብዕር አጠብሁ፣ ስድስቴ ተጫንሁ፣ ቀለም ሞላሁ፣ ወረቀት ላይ አሳረፍሁት። ጫረ። እንደ ሚስማር። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ኮሽታ የጻፈበት ብዕር በኔ እጅ ወረቀት ይቧጥጣል። ተሰብሯል ብዬ ፒያሳ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ሱቁ ዛሬ የለም። በአንድ ዓይናቸው ማጉያውን ነክሰው ብዙ ቆዩ።

«አልተሰበረም» አሉኝ። «አባትህ ብዕሩን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርገው ይይዙ ነበር?»

አሰብሁ። እጁ ታየኝ። አዎ፤ ክርኑን ከጠረጴዛው አውጥቶ፣ ወረቀቱን አዘንብሎ፣ ብዕሩን ወደ ግራ ጠምዝዞ ነበር የሚጽፈው። ሽማግሌው ማጉያውን ሰጡኝና እንዳይ አደረጉኝ። ወርቁ ጫፍ ላይ የተበየደችው ጠንካራ ጠብታ ድቡልቡል መሆን ነበረባት። በአንድ ጎኗ ተሞርዳ ጠፍጣፋ ሆናለች፤ ወረቀት ነው የሞረዳት። የጠፍጣፋው ጠርዝ ነው እኔን የሚጭረኝ።

«አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም» አሉኝ፣ «በደቃቅ ሞረድ አለስልሼ ላንተ እጅ አደርገዋለሁ።»

እጄን ዘርግቼ ነበር፣ ልሰጣቸው። መልሼ ሰበሰብሁት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሁለቱም ወገን የማይረዳኝ። ሰብሳቢ ብዕሩን ቢያየው «ጫፉ ያለቀ» ብሎ ዋጋውን ይጥላል፤ ማለቁ ለሱ ጉዳት ነው። ጸሐፊ ቢያየው ደግሞ «መሣሪያ ነው፣ አስሞርደውና ጻፍበት» ይለኛል፣ ልክ ነው፣ አባቴም ራሱ እንደዚያ ይለኝ ነበር። ለመሣሪያ አያለቅስም ነበር እሱ። ነገር ግን ያቺ የተሞረደች ጎን ስንትና ስንት የፍርድ መዝገብ፣ ስንት የውርስ ክርክር፣ ስንት የድንበር ክስ ናት። የቀረኝ የእጅ ጽሑፉ ብዙ አይደለም፤ መዝገቦቹ የመንግሥት ናቸው። እጁ ያለው እዚያች ጠብታ ላይ ነው።

አላስሞረድሁትም። ክርኔን ከጠረጴዛ ማውጣት ተማርሁ። ወረቀቱን አዘነበልሁ፣ ብዕሩን ወደ ግራ ጠመዘዝሁ። ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጽሑፌን ያየ የሥራ ባልደረባዬ እጄን የታመምሁ መስሎት ነበር። አንድ ቀን ሳላስበው መጫሩ ቆመ። አሁን የኔ ቀ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፤ የአባቴ ቀም እንደዚያ ነበር።

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ፤ አርባዎቹ ምን ይሠራሉ? ከክረምቱ ቆጠራ በኋላ እቁብ አስገባኋቸው። የሁሉም ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ጣሳ ውስጥ አለ፤ በየወሩ መጀመሪያ እሷ እጣ ታወጣለች። የወጣለት ብዕር ወሩን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይውላል፣ የአስቤዛ ዝርዝር ይጽፋል፣ የቢሮ ማስታወሻ ይጽፋል፣ በወሩ መጨረሻ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ይመለሳል። የሞቱትም ወረፋ ይዘዋል፣ ላስቲካቸው እየተቀየረ ነው። ጣሳው ውስጥ ያልጨመርሁት አንድ ብቻ ነበር፤ የዋጋ ወረቀቱ እስካሁን ያልተላጠ ፓርከር 45። ያልተነካ። እስቲ እንዳትታዘቡኝ፣ አልቻልሁም። ባለፈው ሳምንት ግን ጣሳውን ሳገላብጥ ስሙን በልጄ የእጅ ጽሑፍ አገኘሁት። በእስክሪብቶ ጽፋ ከታችኛው ሥር ከትታዋለች። አላወጣሁትም፤ ግን የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ ልቤ ይመታል።

ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቅ፤ እስከዚያው የአባቴን ብዕር ከፊተኛው ረድፍ ጀምሬ ላዙረው። ይህቺ ወረቀትም አብራ ትዙር፣ ስማችሁን ጻፉባት። እድር ላይ ለአንዲት እትዬ ይፈርሙ ብዬ ብዕር ሰጥቻቸው እንደ ቢክ ተጭነው ወረቀቱን በስተውታል፤ «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ አይጽፍም» ብለው መለሱልኝ። አትጫኑት፣ ክብደቱ ራሱ ይበቃዋል። ቢጭራችሁ ትንሽ ወደ ግራ ጠምዝዙት። ክዳኑን ግን እንዳትጠመዝዙት፣ ሳብ ሲያደርጉት ነው የሚወጣው።